አሮጌውን ሾፌር አጥፉት

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህና ዘወትር በጸሎቴ ለማስብህ ለእህቴ ልጅ ለሙሉቀን፣

እንደምን ሰንብተሃል? ደብረ ታቦር ኢየሱስ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ይሰውርህ። እኛ፣ የደብዳቤ ደንብ ነውና፣ ደህና ነን። ጉና ብርዱን ከወዲሁ ልኮብናል። ገብሱ ግን ዘንድሮ ጥሩ ነው ይላሉ ከገጠር የሚመጡት፣ መምጣት የቻሉት።

በዚህ ዘመን በወረቀት ስጽፍልህ እንዳትደነግጥ። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ቆየ። ስልኩ የሚሠራበት ቀን አለ፤ ሲሠራም ሰው ከሰላምታ ሌላ ነገር አያወራበትም። ስለዚህ ወደ ዱሮዬ ተመለስኩ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፕ ስመታ ያረጀሁ ሴት ነኝና ደብዳቤ አይከብደኝም። ይህን እስከ ባሕር ዳር መርሻ ይወስድልኛል። መርሻን ታስታውሰዋለህ፣ ጎረቤታችን የሚኒባስ ሾፌሩ፤ ጉልበቴን ሲያመኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚያመላልሰኝ። መንገዱ በተከፈተ ቀን ይነዳል፣ በተዘጋ ቀን ደጁ ላይ ተቀምጦ ጎማውን ያያል። ከባሕር ዳር ወዲያ ያለውን ደግሞ ቃልኪዳን ትጨርሰዋለች፤ ያቺ ከካምፓላ ልብስ እያመጣች የምትነግደው የአልማዝ ልጅ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰው በዚህ ጊዜ ስለ ጌም ይጽፋል ብለህ እንዳትስቅብኝ።

ናትናኤል ዩኒቨርሲቲው ከተቋረጠ ጀምሮ ቤት ነው። ከሰፈር አብሮ አደጎቹ መካከል አሁን ቤታቸው ያሉት ጥቂት ናቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸው ሄዱ፤ አንዳንዶቹን ሰው መጥቶ ወሰዳቸው። የትና ማን ብለህ አትጠይቀኝ፤ እኔም አልጠይቅም። እናቶቻቸውን ቅዳሴ ላይ ሳገኛቸው ሁላችንም መሬት መሬቱን እናያለን። የኔ ልጅ እስካሁን ቤት የቆየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ በኳስ ጌም።

ፕሌስቴሽኑ መብራት ሲመላለስ ተቃጥሏል። አሁን የሚጫወተው አንተ ዐምና በፍላሽ በላክህለት፣ ኮምፒውተሩን ፕሌስቴሽን ነኝ በሚያሰኘው ነገር ነው። ጠዋት ይቀመጣል፤ ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ራሱን በራሱ ያሸንፋል። እኔ ጓዳ ሆኜ የተመልካቹን ጩኸት ስሰማ ሆዴ ይረጋል። ልጅሽ ቤት ነው፣ ልጅሽ ቤት ነው የሚሉኝ ይመስለኛል።

ችግሩ ከመስከረም ወዲህ መጣ። ጨዋታው መሀል ላይ ስክሪኑ ድንገት ይጠቁራል። ድምፁ ትንሽ ይንተባተብና ይቆማል። ከዚያ ስክሪኑ ይመለሳል፤ ጨዋታው ግን የለም፤ ታች ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ወጥታ ትጠፋለች። ናትናኤል ደጋግሞ ያስነሣዋል። ሲሰለቸው ጃኬቱን ይለብሳል። ሙሉቀን፣ ያን ጃኬት ሲለብስ የምሆነውን ልነግርህ አልችልም። አጥሩ ጋ ቆሞ መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች ያያል። አንድ ቀን ቆሞ የሚቀር አይመስለኝም።

ገንዘብ አልጠይቅህም። ይህን ነገር አስተካክልልኝ። እሱ ጌሙ እንዲሠራለት የምጽፍ ይመስለዋል፤ ለምን እንደምጽፍ አንተ ብቻ እወቅ።

አክስትህ ማሬ ፈንታሁን


ካምፓላ
ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ማሬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። እመብርሃን ቤትዎን በመጋረጃዋ ትጋርድልኝ።

ደብዳቤዎን ስቀበል መርዶ መስሎኝ ነበር። ስለ ጌም መሆኑን ሳይ ሳቅኩ። እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

አይዞዎት፣ ፊክስ ይሆናል። እኔ በምሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ይህን በየቀኑ ነው የምናየው። የግራፊክስ ድራይቨር ኢሹ ይመስለኛል፤ ስዕሉን ወደ ስክሪኑ የሚያመላልሰው ፕሮግራም ማለቴ ነው፤ እሱ ክራሽ እያደረገ ነው። ፈርስት ኬዙን ከፍታችሁ ፋኑን ክሊን አድርጉት፤ ኦቨርሂት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ሲሞቅ ድራይቨሩ ይወድቃል። ከዚያ ሴቲንግ ገብታችሁ ሪዞሉሽኑን ሎው አድርጉና ትራይ አድርጉት። እምቢ ካለ ያቺን ጥግ ላይ የምትወጣዋን ኤረር ሜሴጅ ቃል በቃል ይጻፉልኝ፤ ያለሷ ደፍሬ መናገር አልችልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳይቆጡኝ። ናትናኤል ለትምህርት ዕድል ሲወዳደር ያወጣው ፓስፖርት አለው። ትኬቱንና የመግቢያ ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ። እኔ ጋ ቢመጣስ?

ልጅዎ ሙሉቀን


ደብረ ታቦር
ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ለሙሉቀን፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። እጅህም ይባረክ። ቋንቋህ ግን ይስተካከል።

ፊክስ፣ ክራሽ፣ ትራይ፣ ፈርስት። እንዲህ ያለ ረቂቅ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢመጣልኝ ለጸሐፊው መልሼ እወረውርለት ነበር። ደብዳቤህን ለማንበብ አስተርጓሚ ልቅጠር? ናትናኤልን ጠይቄ ነው ግማሹ የገባኝ። ድራይቨር የምትለው ሾፌር ማለት አይደለም? እንግዲያው ሾፌር በለዋ! አማርኛ ምን ጎደለውና ነው። በሚቀጥለው አንድ የፈረንጅ ቃል ካገኘሁብህ በቀይ አስምሬ እመልስልሃለሁ።

ያልከውን አድርገናል። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍተን በዶሮ ላባ ጠረግነው፤ የወጣው አቧራ ለእርሻ ይበቃ ነበር። ስዕሉንም ዝቅ አደረግነው። ተጫዋቾቹ ፊታቸው እንደ ጡብ አራት ማዕዘን ሆነ፤ ናትናኤል አላጉረመረመም። ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ከዚያ ግን ያው ነው፣ ይጠቁራል።

ጽሑፏን ይዤልሃለሁ። ፈጣን ናት፤ እኔ ግን ከኃላፊ አፍ ላይ ቃል ቀልቤ የጻፍኩ ሰው ነኝ፣ አታመልጠኝም። የማሳያው ሾፌር መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ አሁን አገግሟል ትላለች፤ ትርጉሙ የናትናኤል ነው። ካገገመ ጨዋታው ለምን አይመለስም? ደግሞ መልስ መስጠት አቆመ የሚለውን ነገር አልወደድኩትም። እዚህ ስንቱ ሰው ነው ስልኩ ሲደወል መልስ መስጠት ያቆመ።

ባለፈው ሳምንት ስክሪኑ ጠቆረና ጃኬቱን ለበሰ። አጥሩ ጋ አልቆመም፤ አለፈ። እኔ ደጃፉ ላይ ሆኜ ጀርባው በመታጠፊያው ሲሰወር አየሁት። ብዙም ሳይቆይ ከወዲያ በኩል ተኩስ ተሰማ። ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ፤ ወዴት እንደምሮጥ ግን አላውቅም ነበርና መንገዱ መሀል ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወደኔ ይሮጣል፣ እኔ ቆሜአለሁ። በኋላ ልጄ ድንች በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ‹‹እማዬ፣ ምን ሆንሽ?›› ይለኛል። ድንቹን ተቀበልኩት። የዚያን ቀን ምሳ አልሠራሁም፤ ፊቱን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ይምጣ ያልከውን አንብቤዋለሁ። አይሆንም። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ኬላ አንተ አላየኸውም። በሱ ዕድሜ ያለ ወንድ ከመኪና ወርዶ ‹‹የት ትሄዳለህ?›› ይባላል፤ የመለሰው መልስ ለአንዱ ኬላ ሲበጅ ለሌላው አይበጅም። ቤት ያለ ልጅ ቤት ነው ያለው። አንተ ያን ሾፌር ብቻ አስተካክልልኝ።

አክስትህ ማሬ


ካምፓላ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴና የአማርኛ አስተማሪዬ ለወይዘሮ ማሬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። ይህ ሲደርስዎ በዓሉ አልፎ ይሆናል፤ ምኞቴ ግን አያልፍም።

ስድብዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ይኸው ዛሬ አንድም የፈረንጅ ቃል የሌለበት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሾፌርም የፈረንጅ ነው የሚሉ አሉ፤ እሱን ግን እርስዎ ስለፈቀዱት አልጠየቅም።

ያቺ ጽሑፍ ሁሉን ነገር ነገረችኝ። አሁን መድኃኒቱን አውቄዋለሁ። የሚሠራውን ናትናኤል እንዲያነበው ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፌ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ። የሚያስፈልገውን ነገር የያዘችውን፣ እንደ ዐምናዋ ያለችውን ትንሿን ዕቃ በወረቀቱ መካከል በሙጫ ለጥፌአታለሁ። ቃልኪዳን ባሕር ዳር ስትደርስ ለመርሻ ትሰጠዋለች።

አክስቴ፣ ስለዚያ ሌላው ነገር አልደግመውም። ግን መጠየቄን አልተውኩም።

ልጅዎ ሙሉቀን

(ለብቻው ያለው ወረቀት)

ናትናኤል፣ ይህን አንብበህ ከእናትህ ጋር ሆናችሁ ሥሩት።

የችግሩ ሁሉ ምንጭ አሮጌው ሾፌር ነው። እስካሁን ታግሠነዋል፤ አሁን ግን መጥፋት አለበት። ማቦዘን ብቻ አይበቃም፤ እንዳያችሁት ያገግማል።

መጀመሪያ መስመሩን ቁረጡ። መስመሩ ከተከፈተ አሮጌውን መልሰው ይልኩባችኋል። ከዚያ በአስተማማኙ በር ግቡ። በዚያ በኩል ከገባችሁ ሾፌሩ ሥራ ላይ አይሆንም፤ ሊከላከል አይችልም። ከሥሩ ነቅላችሁ አጥፉት። ስሙ ከዝርዝሩ እስኪጠፋ ድረስ ርዝራዡን ሁሉ እየፈለጋችሁ አጥፉ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ይጨልማል፤ አትደንግጡ።

አዲሱን በትንሿ ዕቃ ልኬላችኋለሁ። እሱን ጫኑና አስነሡ። አሮጌው በአንድ ጊዜ ካልሞተ ድገሙት።


ካምፓላ
የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

አክስቴ፣

እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት? ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከገና ወዲህ መልስ አጣሁ። ስልክዎ አይነሣም። የናትናኤልም አይነሣም። መንገዱ ተዘግቶ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆየሁ። ትናንት ቃልኪዳን ሱቁ ድረስ መጣች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። ባሕር ዳር መናኸሪያ የሰማችውን ነገረችኝ፤ የመርሻን ሚኒባስ ኬላ ላይ አቁመው ፈትሸዋል፣ ደብዳቤ ተገኝቶበታል፣ መርሻ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ከዚያ ‹‹ምን ብለህ ነው የጻፍከው?›› አለችኝ። ስለ ጌም ነው አልኳት። አየችኝ። ‹‹በጌም ሰው ያስራሉ?›› አለች።

ረቂቁ እኔ ጋ ነበር። አውጥቼ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ ጻፈው ሰው ሆኜ አነበብኩት፤ ምንም የለበትም፤ መስመሩ ኢንተርኔቱ ነው፣ በሩ ኮምፒውተሩ ያለ ሾፌሩ የሚነሣበት መንገድ ነው። ከዚያ ኬላ ላይ እንደቆመ ሰው ሆኜ አነበብኩት። አክስቴ፣ እኔ ምን አድርጌአለሁ? እያንዳንዱን ቃል አስቤ ነው የመረጥኩት። እርስዎ እንዳይስቁብኝ፣ እንዳይቆጡኝ ብዬ። የናትናኤልን ስም አናቱ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

ከዚህ በላይ መጻፍ ፈራሁ። ላብራራ ስሞክር ሌላ ነገር የምጨምር እየመሰለኝ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። የናትናኤልን ትኬትና የመግቢያ ፈቃድ አሠርቼ ለቃልኪዳን ሰጥቻታለሁ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ እኔ። አይሆንም ቢሉም ባይሉም እሷ ጋ ይቀመጥ። ናትናኤል ካለ ማለቴ ነው። እንዲህ ብዬ በመጻፌ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እባክዎን አንድ ቃል ይላኩልኝ። በቀይ ቀለምም ቢሆን።

ሙሉቀን


ደብረ ታቦር
መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉቀን፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ናትናኤል አለ። መርሻም አለ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ወረቀቱን ይዘህ ቁጭ ብለህ ቀሪውን እንድታነበው ነው።

መርሻን ያቆሙት ከወረታ ወዲህ ነው። የማን ሰዎች እንደሆኑ አልጽፍልህም፤ አንተም አትጠይቀኝ። ፖስታውን ከመሪው በታች አገኙት። የከፈተው ልጅ የእጅህን ጽሑፍ ማንበብ አቃተውና ‹‹አንተ አንብብ›› ብሎ ለራሱ ለመርሻ ሰጠው። መርሻ መነጽሩን አድርጎ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ‹‹የችግሩ ሁሉ ምንጭ አሮጌው ሾፌር ነው›› ብሎ ጀመረልህ። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መስመር የነዳ ሰው ነው። ‹‹መጥፋት አለበት›› የሚለው ላይ ቆመ። ቀጥል አሉት፣ ቀጠለ። ‹‹ማሬን ምን በደልኳት እያልኩ ነበር የማነበው›› አለኝ በኋላ። ከሥሩ ነቅላችሁ የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፤ የቀረውን የሚኒባሱ ረዳት ነው የጨረሰለት። ይህን ሳስብ ሳቄ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ አለቅሳለሁ። ሾፌር በል ብዬ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።

መርሻን ብዙ ቀን አቆዩት። እኛ ምንም አልሰማንም፤ መንገድ ተዘግቶበት ሐሙሲት አድሮ ነው ስንል ነበር። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሱ ሚኒባስ ደጃችን ቆመ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። መርሻ ከኋላ ተቀምጧል፤ አላየኝም፣ ጉልበቱን ነው የሚያየው። አንዱ ወርዶ ‹‹ናትናኤል የሚባለው ማነው?›› አለኝ። የለም አልኩት። ሙሉቀን፣ ‹‹የለም›› እያልኩት ከውስጥ የስታዲየም ጩኸት ይሰማል። ግብ ገብቶ ነበር። ሰውየው ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። ልጄ ደግሞ፣ እናቴን ውሸታም እንዳይሏት ብሎ መሰለኝ፣ ወጥቶ ‹‹አለሁ፣ እኔ ነኝ›› አለ።

‹‹ኮምፒውተሩንም›› አሉ፤ እሱን ከመጫወቻዎቹ ጋር ናትናኤል ተሸከመ፣ እኔ ስክሪኑን አቀፍኩ። አንቺ ቅሪ አሉኝ። አልቀርም አልኩ። ስክሪን የያዘች አሮጊት ምን ታደርጋታለህ? ወሰዱኝ።

የገባንበት ቤት መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የጉና ንፋስ ባንዱ ገብቶ ባንዱ ይወጣል። አለቃቸው መነጽር ያደረገ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ነው። ያቺን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷታል። ናትናኤል አስረዳው። ሾፌር ማለት ሰው አይደለም፣ ስዕሉን የሚያመላልስ ነገር ነው፤ እየሞተ ስላስቸገረን ነው አለው። ሰውየው በትዕግሥት ሰማና ‹‹እንግዲያው ሲሞት አሳየኝ›› አለ። መርሻ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል። ‹‹ካልሞተስ?›› ብሎ አንዱ ጠየቀ።

ጨዋታው ተነሣ። ሠራ። ያ ስንት ወር ያስለቀሰኝ ነገር ያን ቀን እንደ አዲስ ሠራልህ! እኔ በየቀኑ አይጥቆር እያልኩ የምጸልይ ሴት፣ እመቤቴ ሆይ አጥቁሪው እያልኩ መለመን ጀመርኩ። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ሰዎቹ ተሰበሰቡ፤ አንዱ ‹‹ማቀበል ነበረበት›› ይላል፣ ሌላው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሁለተኛውን መጫወቻ አነሣ። መነጽራሙ ግን ጨዋታውን አያይም፤ ናትናኤልን ነው የሚያየው። ልጄ ኳሱን እየሳተ ነው። ጎል እየገባበት ነው።

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ደብዳቤህ ትዝ አለኝ፤ ማሽኑ ሲሞቅ ይወድቃል ያልከው። እዚህ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ይህ ነገር የማይወድቀው በርዶት ነው! ጋቢዬን አወለቅሁና ተነሣሁ። ‹‹ምን ልታደርጊ ነው?›› አለኝ ጠመንጃ የያዘው። ‹‹ብርዱ እንዳይጎዳው ነው ልጄ፣ ቤትም እንዲህ ነው የማደርገው›› አልኩና ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ጠቅልዬ፣ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኜ ተቀመጥኩ። ሳቁብኝ። ሳቁ አልኩ በልቤ። ናትናኤል ዞር ብሎ አየኝ፤ ገባው፤ ቶሎ ፊቱን መለሰ። እኔ በቀሚስ ብቻ ሆኜ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ አላውቅም። እጄን ጋቢው ላይ አድርጌ ሙቀቱ ሲወጣ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ለብ አለ። ከዚያ ጋለ።

ጠቆረ። ድምፁ ተንተባተበና ቆመ። ከዚያ ስክሪኑ ተመለሰ፤ ያቺ ጽሑፍ ጥግ ላይ ወጣች። መነጽራሙ ጎንበስ ብሎ አነበባት። ድራይቨር የምትለው ላይ ጣቱን አደረገ፤ ወረቀትህን አየ፤ ደግሞ ስክሪኑን አየ። ሳቀ። አለቃ ሲስቅ ሁሉም ሳቀ። መርሻ ብቻ አልሳቀም።

ለቀቁን። በዚህ ያለቀ መስሎህ ደስ እንዳይልህ። ስንወጣ መነጽራሙ ናትናኤልን ትከሻውን ያዘው። ‹‹ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አጥተን ነበር›› አለው። ‹‹ቤትህን አውቀነዋል፤ ስንፈልግህ እንመጣለን።›› በደግ ድምፅ ነው ያለው፤ እኔን ያስፈራኝ ደግነቱ ነው። ኮምፒውተሩን ከትንሿ ዕቃ ጋር ለሥራ እንፈልገዋለን ብለው አስቀሩት።

ቤት ስንገባ ያ ጥግ ባዶ ነው። አሁን ምን ይይዘዋል ብዬ ልሞት ደረስኩ። ‹‹ናቲ፣ ጌሙ የለም፤ እንዳትወጣብኝ›› አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹‹እማዬ፣ ጌሙ ከሰለቸኝ ቆይቷል። ድምፁ ሲጠፋ ፊትሽ ስለሚለዋወጥ ነው የምከፍተው።›› እኔ እሱን ጠባቂ ነኝ ስል እሱ ነበር የሚጠብቀኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ደጅ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሁለታችንም ማውራት እናቆማለን። አንድ ጊዜ ልከው ነበር፤ አሞታል አልኳቸው። ዳግመኛ አሞታል ብል አያምኑኝም። ቤት ያለ ልጅ ቤት ነው ብዬ ጽፌልህ ነበር፤ እሱን በቀይ አስምርበት። አሁን ሊፈልጉት የሚመጡት ቤት ነው።

ስለዚህ ትኬቱን ከቃልኪዳን ተቀብያለሁ። ሐሙስ ጠዋት መርሻ ባሕር ዳር ያደርሰዋል። አላዘዝኩትም፤ ራሱ መጥቶ ‹‹ልጁን እኔ ነኝ የማደርሰው›› አለኝ። ናትናኤል አልሄድም ብሏል። አንቺን ለማን ጥዬ ነው ይላል። እስከ በሩ እሸኘዋለሁ። ከወጣ በኋላ ከውስጥ እቀረቅረዋለሁ። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ተመልሶ ያንኳኳል። አልከፍትለትም። መርሻ ጥሩምባውን እስኪነፋ፣ መኪናው እስኪርቅ ድረስ በሩን ተደግፌ እቆማለሁ።

ሙሉቀን፣ ይህን ደብዳቤ የያዘው ራሱ ናትናኤል ነው። እንዳያነበው አሽጌዋለሁ። አሁን እያነበብከው ከሆነ ልጄ ፊትህ ቆሟል ማለት ነው። ተቀመጥ በለው። የሚበላ ስጠው፤ ራበኝ አይልምና አትጠይቀው።

የምታነበው ግን ሙሉቀን ካልሆንክ፣ ማንም ሁን ማን፣ አንተም እናት አለችህና ንገረኝ፤ ልጄን የት አደረግኸው?

ማሬ ፈንታሁን